በገዛ ወገን ፊት የመቆም ጀግንነት፦ የጋሞ አባቶችና የአርባ ምንጭ መስከረም 2011



ማኅበረሰብን ከጸጥታ ስጋት የሚጠብቁ ሰዎች ሲነሡ አስቀድመው የሚታሰቡት መሣሪያ የታጠቁ፣ የደንብ ልብስ የለበሱ፣ በድንበርና በኬላ ላይ የሚያድሩ ወታደሮች፣ ፖሊሶችና ሚሊሻዎች ናቸው። የጀግንነት ታሪክም በኢትዮጵያ ሲነገር የኖረው በአመዛኙ በጠላት ፊት ስለቆሙ፣ ደማቸውን ስላፈሰሱና አጥንታቸውን ስለከሰከሱ ሰዎች ነው። ይህ መሆኑ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን የጀግንነትን መልክ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ማየትን ስላስለመደ፣ ሰው በጠላቱ ፊት ሳይሆን በገዛ ወገኑ ፊት፣ ያውም ወገኑ በእርግጥ ተበድሎ፣ ሐዘኑ ሳይበርድና ቁጣው እውነተኛ ምክንያት ይዞ ሳለ የሚቆምበትን ሌላ ጀግንነት ከእይታ ሰውሮታል። የዚህ ዲስኩር ጉዳይ ያ ሁለተኛው ጀግንነት ነው። የሚመረመረውም በመስከረም 2011 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ ከተማ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሳር ይዘው በወጣቶቻቸው ፊት በተንበረከኩበት ድርጊት አማካይነት ሲሆን፣ ድርጊቱ ከየት እንደመነጨ፣ ምን ዋጋ እንደጠየቀና ወሰኑ የት ድረስ እንደሆነ በየተራ ይታያል።

ድርጊቱን ለመመዘን የዘመኑን አየር ማስታወስ ያሻል። 2010 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የፖለቲካ ሕይወት የተስፋና የስጋት ዓመት ነበር፤ እስረኞች ሲፈቱና በውጭ አገር የነበሩ ድርጅቶች ወደ አገር ቤት ሲጠሩ፣ በዚያው ልክ ሕግ ሳይጠበቅ በብዙኃን እጅ የሚፈጸም ቅጣት፣ ሕዝቡ «የደቦ ፍርድ» ወይም «የመንጋ ፍርድ» ብሎ የሰየመው ክፉ ልማድ፣ ከቦታ ወደ ቦታ መዛመት ጀምሮ ነበር። በሰኔ 2010 በሐዋሳ ከተማ ጎረቤት በጎረቤቱ ላይ ተነሣ፤ በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ከቀዬው ተፈናቀለ፤ በነሐሴ ወር ደግሞ በሻሸመኔ ለአቀባበል በወጣ ሕዝብ መካከል አንድ ሰው ባልተጣራ ጥርጣሬ በአደባባይ ተገደለ። የእነዚህ ክስተቶች ምክንያት ከቦታ ቦታ ቢለያይም፣ አንድ የጋራ ጠባይ ግን ነበራቸው፤ ወንጀሉን የሠራው ግለሰብ እየተረሳ፣ ቋንቋውን የሚናገር ወይም ከእርሱ ወገን የተወለደ ሁሉ በምትኩ ይጠየቅ ነበር።

ከመስከረም 4 እስከ 6 ቀን 2011 ዓ.ም. ድረስ ባሉት ቀናት ይህ ጠባይ በአዲስ አበባ ምዕራባዊ ጫፍ፣ በቡራዩና በአካባቢዋ፣ በተለይም በአሸዋ ሜዳና በከታ፣ እጅግ አስከፊ መልኩን ገለጠ። ጥቃቱ ከደረሰባቸው ነዋሪዎች መካከል ብዙዎቹ የዶርዜና የሌሎች የጋሞ አካባቢዎች ተወላጆች ነበሩ። ፖሊስ በመጀመሪያ መግለጫው 23 ሰዎች መሞታቸውን ሲያስታውቅ፣ አምነስቲ ኢንተርናሽናል ግን በእነዚያ ቀናት የሞቱት ቢያንስ 58 እንደሆኑ ገለጠ። በሺዎች የሚቆጠሩ ቤተሰቦች ቤታቸውን ጥለው በአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶችና መጠለያዎች ተጠለሉ።

የጋሞ ሰዎች በቡራዩ መገኘታቸው ራሱ አንድ ረጅም ታሪክ አለው። የጋሞ ደጋ መሬት ጠባብ፣ ሕዝቡ ግን ብዙ በመሆኑ፣ ሽመና ለደጋው ገበሬ ከእንሰትና ከገብስ ጎን ሁለተኛ መተዳደሪያ ሆኖ ቆይቷል፤ ሸማኔውም ሥራውን ተከትሎ ወደ ከተሞች ሲፈልስ ኖሯል። የአዲስ አበባው ሽሮ ሜዳ የዚህ ፍልሰት ታዋቂ ሰፈር ሲሆን፣ የቤት ኪራይና የመሬት ዋጋ እየናረ ሲሄድ ብዙዎች ወደ ከተማዋ ዳርቻ ወጥተው ሰፍረዋል። ኢትዮጵያውያን በየበዓሉ የሚለብሱት ጥበብ ለብዙ ዘመን የወጣው ከእነዚህ ሰዎች እጅ ነው፤ ይህን ያህል የአገር ጌጥ የሠራ ሕዝብ የሚኖርበትን ሰፈር ስም አብዛኛው ለባሽ የሰማው ሐዘን ከደረሰ በኋላ መሆኑም የሚያስተዛዝብ ነው።

የጊዜው አጋጣሚ ደግሞ ሐዘኑን አባብሶታል። መስቀል በጋሞ ከበዓላት ሁሉ የላቀ ነው፤ «ዮ ማስቃላ» እየተባለ የሚከበረው ይህ በዓል የዓመት መለወጫ፣ የዕርድ፣ የመጠያየቂያና የተጣላ የሚታረቅበት ወቅት ሲሆን፣ በሩቅ ከተማ የሚኖረው ሸማኔ ዓመቱን ሙሉ ያጠራቀመውን ይዞ ወደ ወላጆቹ የሚመለሰው በዚህ ሰሞን ነው። የቡራዩው ወሬ ለጋሞ ደጋ የደረሰው እናቶች ልጆቻቸውን በሚጠብቁበት በዚሁ ሳምንት ነበር።

በወቅቱ የጋሞ ጎፋ ዞን መቀመጫ የነበረችው አርባ ምንጭ፣ በአባያና በጫሞ ሐይቆች አናት ላይ በሲቀላና በሴቻ ተከፍላ የተመሠረተች፣ በዩኒቨርሲቲዋ፣ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዋና በሙዝ ንግዷ ምክንያት ከየአገሩ የመጣ ሰው የሚኖርባት ከተማ ናት። በዚያ ሳምንት ወጣቶቿ የቡራዩውን ግድያ ለመቃወም አደባባይ ወጡ። ተቃውሞው ከጥያቄ ወደ ቁጣ፣ ከቁጣም ወደ በቀል ሲያዘነብል፣ ከሰልፈኞቹ ከፊሉ፣ የገዳዮቹ ወገን ተደርገው የተቆጠሩ በከተማዋ የሚኖሩ የኦሮሞ ተወላጆች ንብረት ናቸው ወደተባሉ ቦታዎች አመራ። በዚህ ጊዜ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሳር በእጃቸው ይዘው መንገዱን ዘጉ፤ ከዚያም በመሬት ላይ ተንበርክከው ልጆቻቸውን ለመኑ። ወጣቶቹ ቆሙ፤ ተመለሱም። በዚያ ቀን በአርባ ምንጭ በቡራዩ ስም የፈሰሰ ደም አልነበረም። በእጅ ስልክ የተቀረጸው ምስል በጥቂት ቀናት ውስጥ አገር ያዳረሰ ሲሆን፣ ከሁሉም ወገን ምስጋና አስከትሏል።

ይህን ድርጊት ያዩ ብዙዎች እንደ ድንገተኛ ተአምር ወይም እንደ ጥቂት ደጋግ ሽማግሌዎች የግል ቅንነት ቆጥረውታል። አድናቆቱ መልካም ሆኖ ሳለ፣ አተያዩ ግን ጎዶሎ ነው፤ ምክንያቱም አንድ አዛውንት በማንኛውም ከተማ፣ በማንኛውም የተቆጣ ሕዝብ ፊት ሣር ይዞ ቢንበረከክ ሕዝቡ ይመለሳል የሚባል ነገር የለም። በአርባ ምንጭ ሣሩ ያቆመው ከሣሩ በስተጀርባ ብዙ ትውልድ ያቆመው ሥርዓት ስለነበረ ነው።

የጋሞ ደጋ በጥንቱ አደረጃጀቱ 40 ያህል «ደሬ» የሚባሉ የፖለቲካ ማኅበረሰቦች ያሉበት አገር ነው። ደሬ ማለት የራሱ ወሰን፣ የራሱ ጉባኤና የራሱ ሹማምንት ያሉት አገር ሲሆን፣ በራሱ ላይ «ካዎ» የሚባል ንጉሥ መሰል ባለ ሥርዓት፣ ለተወሰነ ጊዜ የሚሾሙና ድግስ ደግሰው ወደ ማዕርጉ የሚገቡ «ሃላቃ» የሚባሉ ሹማምንት፣ እንዲሁም የሕዝቡ ጉባኤ ይገኛሉ። ጉባኤው የሚደረግበት ሜዳ «ዱቡሻ» ይባላል፤ በየአካባቢው ታላላቅ ዛፎች ያሉትና የመቀመጫ ድንጋዮች የተደረደሩበት የተከበረ ቦታ ነው። ፈረንሳዊው የሥነ ሰብእ ተመራማሪ ማርክ አቤሌስ ከአርባ ምንጭ በስተሰሜን በሚገኘው በኦቾሎ ያደረገውን ጥናት በ1983 እ.ኤ.አ. ሲያሳትም ትኩረቱን ያደረገው በዚሁ ጉባኤ ላይ ነበር፤ የአንድ አገር ጉዳይ በአንድ አለቃ ትእዛዝ ሳይሆን በአደባባይ በሚደረግ ተራ በጠበቀ ንግግር እንዴት እንደሚወሰን በዝርዝር አሳይቷል። እንግሊዛዊቷ ዲና ፍሪማን ደግሞ በዶኮ ደሬ ኖራ ያጠናችውን በ2002 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው መጽሐፍ፣ የሃላቃ ሹመትና የመሥዋዕት ሥርዓት በዘመናት ውስጥ እንዴት እየተለዋወጡ እንደመጡ ተንትናለች።

ከዚህ አደረጃጀት ውስጥ ለአርባ ምንጩ ድርጊት ቁልፍ የሆኑት ሁለት እሳቤዎች «ዎጋ» እና «ጎሜ» ናቸው። ዎጋ ከአባቶች የተላለፈ ሕግና ወግ ሲሆን፣ ጎሜ ደግሞ ያንን ወግ በመጣስ የሚመጣ ነውርና መዘዝ ነው። የጎሜ ልዩ ጠባይ መዘዙ በጥፋተኛው ብቻ የማይወሰን መሆኑ ነው፤ ዝናብ ይቀራል፣ ከብት ይሞታል፣ ልጅ ይታመማል፣ አዝመራ ይከሳል፤ ጥፋቱም በአደባባይ ተናዝዞ እርቅ እስኪወርድ ድረስ ከቤትና ከአገር ላይ አይነሣም ተብሎ ይታመናል። በዚህ እምነት መሠረት የአንድ ወጣት ጥፋት የሰፈሩ ሁሉ ጉዳይ ነው፤ ሰፈሩም ወጣቱን የመከልከል መብት ብቻ ሳይሆን ግዴታ ጭምር አለበት። ፖሊስ ወንጀል ከተፈጸመ በኋላ ፈጻሚውን ፈልጎ ይይዛል፤ ጎሜ ግን ገና ሳይፈጸም በሁሉም ልብ ውስጥ ጠባቂ ያቆማል።

ለዚህ ሥርዓት መሠረት ከሆኑት መካከል የታላቅና የታናሽ ሥርዓት ይገኝበታል። «ባይራ» ማለት በኩር ወይም ታላቅ ማለት ሲሆን፣ በጋሞ ታላቅ ለታናሹ የሚሠዋለት፣ የሚመርቀውና ስለ እርሱ ከፈጣሪው ጋር የሚነጋገር ነው። ምርቃት ከላይ ወደ ታች ይወርዳል እንጂ ከታች ወደ ላይ አይወጣም። መንበርከክ ደግሞ በተለመደው ሥርዓት የታናሽ ድርሻ ነው። ስለሆነም የአርባ ምንጭ አባቶች በልጆቻቸው ፊት ሲንበረከኩ የተፈጸመው ተራ ልመና አልነበረም፤ ሥርዓቱ በገዛ ባለቤቶቹ እጅ ተገልብጦ፣ ልጅ በአባቱ ራስ ላይ የቆመበት፣ ሊታሰብ የማይገባው ነገር በአደባባይ እንዲታይ ተደርጓል። ይህን አይቶ ወደ ፊት መራመድ አባትን ረግጦ መሄድ ነው፤ የተረገጠ አባት ደግሞ ሊመርቅ አይችልም። እርጥብ ሣሩም በዚሁ ሥርዓት ውስጥ የሰላም ምልክት ነው፤ በተጣሉ ሰዎች መካከል ሽማግሌ ሣር ይዞ ከገባ በኋላ ያንን አልፎ መማታት ከባድ ጎሜ ተደርጎ ይቆጠራል።

እዚህ ላይ አንድ ተገቢ ጥያቄ ይነሣል። በመስከረም 2011 በአርባ ምንጭ ጎዳና ላይ የነበሩት ወጣቶች አብዛኞቹ የከተማ ልጆች፣ ተማሪዎችና ሠራተኞች፣ በሃይማኖታቸውም ኦርቶዶክሶችና ፕሮቴስታንቶች ነበሩ። በደርግ ዘመን የአባቶች የመሥዋዕት ሥርዓት እንደ ኋላ ቀር አምልኮ ተቆጥሮ ተወግዟል፤ ከዚያም ወዲህ የተስፋፋው የወንጌላውያን እምነት ጎሜን የሚመለከተው በጥርጣሬ ነው። ታዲያ በጎሜ የማያምን ወጣት በጎሜ እንዴት ቆመ? ፈጣኑ መልስ «እምነቱ ከውስጥ አልጠፋም ነበር» የሚለው ቢሆንም፣ የበለጠ የሚያሳምነው ሌላ ነው። ወግ የሚሠራው ሰው በትምህርቱ ስለተቀበለው ብቻ ሳይሆን በአስተዳደጉ ሰውነቱ ስለለመደው ነው፤ ከትልቅ ሰው ፊት ዝቅ ማለትን፣ የተመረቀን አለመራገምን፣ የተዘረጋ ሣርን አለመርገጥን ልጅ የሚማረው በሰርግ፣ በለቅሶና በመስቀል ማዕድ ላይ እንጂ በስብከት አይደለም። ከዚህም በላይ በተንበረከኩት መካከል ብዙ ወጣት የራሱን አባት፣ አያት ወይም የአባቱን ባልንጀራ የሚያውቅበት አጋጣሚ ሰፊ ነበር። መንጋ የሚበረታው ሰው ስም ሲያጣ ነው፤ በስሙና በአባቱ ስም የሚታወቅ ሰው በመንጋ ውስጥ ለመጥፋት ይቸግረዋል።

እንግዲህ የእነዚህ ሰዎች መሥዋዕትነት ምን ነበር? ሕይወታቸው አደጋ ላይ ወድቆ ነበር ማለት ይቻላል፤ በመቶዎች በሚቆጠር የተቆጣ ሕዝብ ፊት መሬት ላይ መንበርከክ ለአዛውንት ሰውነት ቀላል አደጋ አይደለም። ዋናው መሥዋዕት ግን ሌላ ነበር። ሟቾቹ የእነርሱው ልጆች ነበሩ፤ ከሽማግሌዎቹ መካከል ዘመዱ በቡራዩ የሚኖር፣ ወሬውን በጭንቀት የሚጠባበቅ እንደሚኖር አያጠራጥርም። እንዲህ ያለው ሰው በሐዘኑ መካከል ተነሥቶ «የልጄን ገዳይ ወገን አትንኩ» ማለት፣ በወገኑ ዓይን የልጁን ደም የረሳ፣ ከዚያም አልፎ ለሌላው ያደረ ሊያስመስለው ይችላል። በጠላት ፊት የወደቀ ሰው ስሙ ከፍ ይላል፤ በወገኑ ፊት የቆመ ሰው ግን ከተሳካለት ይመሰገናል፣ ካልተሳካለት ፈሪ ወይም ከሃዲ ይባላል። ከዚህ ሌላ ለዓመታት የተጠራቀመ ከበሬታውንም በአንድ ጊዜ አውጥቶ ያስይዛል። የሽማግሌ ቃል ለክፉ ቀን እንደተቀመጠ ጥሪት ነው፤ በትንሹም በትልቁም ከተመነዘረ ያልቃል፤ በቁርጥ ቀን ካልወጣ ደግሞ መኖሩም አይታወቅም። ወጣቶቹ ሣሩን ረግጠው ቢያልፉ ኖሮ የዚያ ቀን ሽንፈት በአርባ ምንጭ ብቻ የሚቀር አልነበረም፤ ከዚያ በኋላ በማንኛውም ደሬ ሣር ይዞ የሚነሣ ሽማግሌ ሁሉ ክንዱ በዛለ ነበር።

ተመሳሳይ ጀግንነት ከኢትዮጵያ ውጭም ታይቷል። በታኅሣሥ 2015 እ.ኤ.አ. በኬንያ ሰሜን ምሥራቅ፣ ኤል ዋክ በሚባለው ቦታ አጠገብ፣ ወደ ማንዴራ በሚጓዝ አውቶቡስ ላይ የአል ሸባብ ታጣቂዎች ጥቃት ሲፈጽሙ፣ ሙስሊም ተሳፋሪዎች ከክርስቲያን ተሳፋሪዎች ተለይተው ለመውጣት እምቢ አሉ፤ ሴቶቹም ክርስቲያኖቹ እንዳይለዩ መሸፈኛ አካፈሏቸው። ከእምቢተኞቹ አንዱ የነበረው መምህር ሳላህ ፋራህ በጥይት ቆስሎ በሚቀጥለው ወር አረፈ። በማንዴራ መንገድ ላይ የነበረው አደጋ ከአርባ ምንጩ እጅግ የከበደ ነበር፤ ተሳፋሪዎቹ ከመሣሪያ አፈሙዝ ፊት ነበሩ። ሆኖም በሁለቱም ቦታዎች ጠባቂዎቹ የጠበቁት የራሳቸውን ወገን ሳይሆን የሌላውን ሲሆን፣ ይህንንም ያደረጉት በእነርሱ ወገን ስም ሊሠራ የተቃጣውን በመቃወም ነው። የአርባ ምንጩ የሚለየው ሊመታ የመጣው ወገን የማያውቁት ታጣቂ ሳይሆን የገዛ ልጃቸው በመሆኑ ነው፤ ልጅን ደግሞ እንደ ጠላት ማውገዝም፣ በጥይት ማስቆምም አይቻልም፤ በነውር ብቻ ይመለሳል።

በኢትዮጵያ ውስጥም ተመሳሳይ ኃይል ያላቸው ሥርዓቶች ሞልተዋል። በኦሮሞ ዘንድ ሴት በጋብቻዋ ቀን የምትቀበለውን ሲንቄ የተባለ በትር ይዛ በሚዋጉ ወገኖች መካከል ስትቆም ጠቡ መቆም አለበት፤ በጌዴኦና በጉጂ መካከል ደግሞ ደም ሲፈስ ሁለቱን ወገኖች የሚያስታርቅ ጎንዶሮ የተባለ ጥንታዊ የእርቅ ሥርዓት አለ። ይሁን እንጂ ጎንዶሮ ባለበት አገር በ2010 ዓ.ም. ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ተፈናቅሏል። ይህ እውነት የአርባ ምንጭን ስኬት ለማሳነስ ሳይሆን በልኩ ለመረዳት ይጠቅማል። ባህላዊ ሥርዓት በአንድ ደሬ ልጆች መካከል፣ አንዱ ሌላውን በሚያውቅበት ቦታ፣ ሽማግሌውና ወጣቱ በአንድ ወግ በሚገናኙበት ሁኔታ ብርቱ ነው፤ ግጭቱ ከወሰን፣ ከመሬትና ከአስተዳደር ጥያቄ ጋር ተሳስሮ፣ በፖለቲካ ሲቀሰቀስና በመሣሪያ ሲታገዝ ግን የሽማግሌው ድምፅ ከሁለቱም ወገን ወጣት ጆሮ ይርቃል። ከ2010 ወዲህ በአማሮ፣ በደራሼ፣ በኮንሶና በምዕራብ ጉጂ አዋሳኞች የታዩት ግጭቶች ከአርባ ምንጭ የአንድ ቀን መንገድ እንኳ የማይርቁ ሆነው ሳለ ሣር ይዞ በመንበርከክ ብቻ አልቆሙም።

ሌላም ሊሸሸግ የማይገባ ጉድለት አለ። በጋሞ የዱቡሻ ጉባኤ በጥንቱ ሥርዓት ሁሉም ሰው እኩል የሚናገርበት አልነበረም፤ ሴቶች ከጉባኤው ውጭ ነበሩ፤ ሸክላ የሚሠሩና ቆዳ የሚፍቁ ወገኖችም እንደ ዝቅተኛ ተቆጥረው፣ ከመሬት ባለቤትነት፣ ከጋብቻና ከሹመት ተገልለው ኖረዋል። በአለቃ ትእዛዝ ሳይሆን በጉባኤ የሚወስን ተብሎ የሚወደስ ሥርዓት በደጁ የሚያገልላቸው ሰዎች እንደነበሩት ማስታወስ፣ አሁን ለሰላም ሲጠራም እነማንን ይዞ እንደሚጠራ ለመጠየቅ ይረዳል። የጠባቂነትን ክብር የሚሸከም ሰው በክልሉ፣ በዞኑና በቀበሌው ያለው የተገለለ ጎረቤቱም እንደሚጠበቅ ካላመነ፣ ወጉ ለአንዱ ወገን ጥላ፣ ለሌላው ደግሞ አጥር ይሆናል።

የመንግሥትን ድርሻ በተመለከተ፣ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 የግልና የቤተሰብ ጉዳዮች በተከራካሪዎች ፈቃድ በባህላዊ ሕግ ሊዳኙ እንደሚችሉ ሲፈቅድ፣ በአንቀጽ 78 ንዑስ አንቀጽ 5 ደግሞ የሃይማኖትና የባህል ፍርድ ቤቶች በሕግ አውጪው ሊቋቋሙ ወይም ሊታወቁ እንደሚችሉ ይደነግጋል። የወንጀልና የሕዝብ ጸጥታ ጉዳይ ከዚህ ማዕቀፍ ውጭ ነው። ስለዚህ በመስከረም 2011 የተንበረከኩት አባቶች ምንም ዓይነት ሕጋዊ ሥልጣን አልነበራቸውም፤ ሆኖም በዚያች ሰዓት ሕግ ሊፈጽመው ያልቻለውን ፈጸሙ። ይህ ማለት ፖሊስ አያስፈልግም ማለት አይደለም፤ ኃይል ያለው ወንበዴ በሣር አይቆምም፤ በአዋሳኝ ወረዳዎች የነዋሪውን ከብትና ሕይወት ሲጠብቁ ሕይወታቸውን ያጡ ሚሊሻዎችና ፖሊሶች፣ በነጭ ሣር ፓርክ ውስጥ የሚዞሩ ጠባቂዎችም በዚሁ ዲስኩር ክብር ይገባቸዋል። ነገር ግን በልጅ ቁጣ ላይ የሚተኮስ ጥይት ከቡራዩ ሟቾች ሌላ የአርባ ምንጭ ሟቾችን ይጨምር ነበር፤ የእነርሱም ቤተሰብ ሌላ ሰልፍ፣ ሌላ ቁጣ ያመጣ ነበር። የታጠቀ ጠባቂና ያልታጠቀ ጠባቂ የየራሳቸው ሰዓት አላቸው፤ ችግሩ አስተዳዳሪዎች ሁለተኛውን የሚያስታውሱት አንደኛው ሳይሳካ ሲቀር ብቻ መሆኑ ነው።

ከድርጊቱ በኋላ የጋሞ አባቶች የሰላም ተምሳሌት ተብለው በየመድረኩ ሲጠሩ፣ የሽምግልና ሥርዓትም የመንግሥትን ትኩረት ሲያገኝ፣ በአገር ደረጃ በአዋጅ ቁጥር 1102/2011 የእርቀ ሰላም ኮሚሽን ተቋቋመ። ሽማግሌን ማክበር ተገቢ ቢሆንም በዚህ ውስጥ አንድ አደጋ ተሰውሯል። ሽማግሌ በመድረክ ላይ ነጭ ለብሶ፣ በትር ይዞ፣ ባለሥልጣንን እየመረቀ በተደጋጋሚ ከታየ፣ ወጣቱ በፊቱ የሚያየው የራሱን አባት ሳይሆን የመንግሥት ተጋባዥ ይሆናል። የጋሞ አባቶች ድምፅ በዚያ ቀን የተሰማው የማንም መልእክተኛ ስላልነበሩ ነው፤ አበል አልተከፈላቸውም፤ ማንም አልላካቸውም። ሃላቃውም ሆነ ሽማግሌው ከሹመት ድግሱ እስከ ሣሩ ድረስ ያለው ክብሩ ከደሬው የሚመነጭ መሆኑን አስተዳዳሪዎች ካልተረዱ፣ ሊያጠናክሩት ፈልገው ሊያዳክሙት ይችላሉ።

ከዚህ የሚበልጥ አንድ ሌላ ጉዳይ አለ። አባቶቹ ወጣቶቹን በሣር ሲመልሱ በውስጡ ያልተነገረ ውል ነበረበት፤ ልጆቹ በቀልን ከእጃቸው ሲያወጡ፣ የቡራዩ ሟቾች ደም በሕግ ይጠየቃል፣ የተፈናቀሉት ሸማኔዎች ወደ ሸማ ዕቃቸው ይመለሳሉ፣ ገዳዩ በስሙ ይፈለጋል እንጂ በወገኑ አይፈለግም የሚል ውል ነበር። በጋሞ ወግ እርቅ ሳይወርድ የቀረ ጥፋት ጎሜ ሆኖ ይቆያል፤ ሽማግሌ የያዘው ሣርም ጠቡን ያቆማል እንጂ ዕዳውን አይፍቅም። ዕዳውን መክፈል የፖሊስ፣ የዐቃቤ ሕግና የፍርድ ቤት ፋንታ ነው። በወንጀል የተጠረጠሩ ሰዎች በፍርድ ቤት ሲቀርቡ፣ ሟቾች በስማቸው ሲታወሱና ለቤተሰቦቻቸው ካሣ ሲሰጥ፣ ያ ወጣት በዚያ ቀን መመለሱ ትክክል እንደነበረ ይረጋገጥለታል፤ ጉዳዩ በዝምታ ከተድበሰበሰ ግን በሚቀጥለው ጊዜ ሣር ይዞ የሚወጣ አባት ከልጁ የሚጠየቀው «ባለፈው ስትመልሰን የገባኸው ቃል ምን ደረሰ?» ተብሎ ይሆናል፤ ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ደግሞ በአባቱ እጅ ያለ አይደለም።